ከአሥራ ሰባት አሥራ ሰባተኛ

ይህን የምጽፈው ለመበቀል ነው። «ለትውልድ ትምህርት ይሁን» ወይም «ታሪክ ይመዝገብ» ብል እዋሻለሁ። ሲያትል ውስጥ በእኔና በአንድ የአገሬ ሰው መካከል የሆነውን ነገር፣ እርሱ በየለቅሶ ቤቱና በየክርስትናው ድግስ በራሱ መንገድ ሲያወራው ዓመታት አልፈዋል። በእርሱ አፍ እኔ ሽማግሌ ያዋረድሁ፣ ያጎረሰኝን እጅ የነከስሁ ስድ ነኝ። እርሱ መናገር ይችልበታል፤ እኔ ደግሞ መጻፍ እችላለሁ። ስሙን አልጠራም፤ የሚያውቁት ያውቁታል። ፊት ለፊት ስንነጋገር ጋሼ እያልሁ አንቱ እለው ነበር። በዚህ ጽሑፍ ግን አንቱታውን አንሥቼበታለሁ፤ የበቀሉ መጀመሪያ ይኸው ነው።

የተጣላነው በአንድ የቅዳሜ ጠዋት የእንግሊዝኛ ክፍል ምክንያት ነው።

ባቡሩ ቢከን ሂል በሚባለው የሲያትል ሰፈር ሥር መመላለስ በጀመረበት ዓመት ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። ዲቪ ደርሶኝ ከመጣሁ ሁለት ዓመት አልፎኝ፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ቱክዊላ በሚገኝ አንድ መጋዘን ካርቶን አሽግ ነበር። አዲስ አበባ ሳለሁ ያነበብኋቸው መጻሕፍት ለዚህ ሥራ አንዳችም አልረዱኝም። በማሸጊያው መስመር ላይ በግራና በቀኜ የሚቆሙት ሰዎች ከሜክሲኮ፣ ከጓቲማላና ከኤል ሳልቫዶር የመጡ ነበሩ። ቀኑን ሙሉ በስፓኒሽ ሲያወሩ እየሰማሁ በጆሮዬ ተማርሁ። በሁለተኛው ዓመት ቀልዳቸው ይገባኝ ጀመር፤ ቀልዱ የገባው ሰው ቋንቋው ገብቶታል።

ከእነርሱ መካከል አንዲት ሃምሳ ዓመት የተጠጋቸው የጓቲማላ ሴት ነበሩ። አሥራ አንድ ዓመት ካርቶን ላይ ፕላስተር ሲለጥፉ ኖረው የሁለቱም እጆቻቸው አንጓ ያብጥ ነበር፤ በጨርቅ አስረው ይሠራሉ። መጋዘኑ ውስጥ እጅ የማያደክም ሥራ አንድ ብቻ ነበር፤ የጥራት ተቆጣጣሪነት። ተቆጣጣሪ እየተዘዋወረ ያያል፣ ይናገራል። የሚናገረውም ቀኑን ሙሉ ማነጻጸር ነው፦ ይህ ካርቶን ከዚያኛው ይከብዳል፣ ይህኛው ይበልጥ ተጎድቷል፣ ከሁሉ የከፋው የታችኛው ነው። ይህ ሁሉ በእንግሊዝኛ መባል አለበት፤ ቃለ መጠይቁም በእንግሊዝኛ ነው።

አንድ ቀን በምሳ ሰዓት እኚህ ሴት ፊቴ ተቀመጡና፣

«አንተ እንግሊዝኛውን ከየት አመጣኸው?» አሉኝ።

«ከመጽሐፍ ነው።»

«እንግዲያው ከመጽሐፉ አውጣና ለእኛም ስጠን። ብቻህን ትበላዋለህ?»

ክፍሉ የተጀመረው በዚህ ነው። ማስተማሪያ ቦታ ያገኘልን ደግሞ የምከሰው ሰው ነው። በአገር ቤት ሃያ ሁለት ዓመት አስተማሪ፣ በኋላም ርእሰ መምህር ነበር። ሲያትል ውስጥ ከኤርፖርት አጠገብ ላለ ሆቴል ሻትል፣ የእንግዳ ማመላለሻ መኪና፣ ይነዳል። በአገር ልጆች ማኅበራችን ውስጥ የተከበረ፣ ክራቫት ሳያስር ከቤቱ የማይወጣ ሰው ነበር። ቢከን ሂል ላይ ምድር ቤቱን ለማኅበረሰብ ሥራ ከሚሰጥ አንድ ድርጅት ጋር ይተዋወቅ ስለነበር፣ ቁልፉን አስመጣና በስሙ ፈርሞ ሰጠኝ። ይህን ውለታ አልክድም። በየቅዳሜው እየመጣ የኋላ ወንበር ላይ እጁን አጣምሮ ይቀመጥ ነበር፤ ማንም ሳይሾመው ሱፐርቫይዘር ሆነ።

የምድር ቤቱ መስኮቶች ከመንገዱ ሥር ስለነበሩ በውጭ የምናየው የአላፊ አግዳሚውን ጫማና የሚፈናጠረውን ዝናብ ብቻ ነበር። በዚያ ብርሃን አሥራ ሰባት ሰዎች ተቀምጠው ይማሩ ነበር።

ስፓኒሽ ተናጋሪ በእንግሊዝኛ ማነጻጸሪያ ላይ የሚሰናከለው ሰንፎ አይደለም። በቋንቋው «ማስ» የምትባል፣ «ይበልጥ» ማለት የሆነች አንዲት ቃል ሁሉን ታደርግለታለች፤ በረጅሙም በአጭሩም ቅጽል ፊት ያኖራታል። ስለዚህ «ቢገር» በማለት ፈንታ «ሞር ቢግ» ይላል። ከሁሉ የሚበልጠውን ሲናገርም ከፊቷ ሌላ ትንሽ ቃል ጨምሮ ያችኑ «ማስ» ስለሚደግማት፣ «ዘ ቢገስት» ማለት ሲገባው «ዘ ሞር ቢግ» ይላል። የእኔ አማርኛ ደግሞ ቅጽሉን ጨርሶ አይነካውም፤ «ከ» ብሎ ይነሣና ይበልጣል፣ ያንሳል፣ ይከብዳል በሚል ግሥ ይፈርዳል። እኔም በራሴ መንገድ በዚያው ቦታ ወድቄ የተነሣሁ ስለሆንሁ፣ አወዳደቃቸው ይገባኝ ነበር።

ብዙ አሰብሁበትና አንድ ነገር አገኘሁ። በስፓኒሽም ቢሆን «ማስ»ን የማይሹ ጥቂት ቃላት አሉ፦ ሜሆር፣ ፔዮር፣ ማዮር፣ ሜኖር፤ የተሻለ፣ የከፋ፣ ታላቅ፣ ታናሽ እንደማለት። ማነጻጸሩ በራሳቸው ውስጥ ነው። ትምህርቱን ከእነዚህ ጀመርሁ።

«ማስ ቡዌኖ የሚል ሰው አለ?» ብዬ ጠየቅኋቸው፤ በሜሆር ፈንታ «ይበልጥ ጥሩ» እንደማለት ነው።

«የለም!» አሉ በአንድ ድምፅ።

«የእህቴ ልጅ ይላል» አለ ከኋላ አንድ የዕቃ ማንሻ መኪና፣ የፎርክሊፍት፣ ነጂ። «ሦስት ዓመቱ ነው።»

«እንግዲህ እናንተ ሞር ቢግ ስትሉ አሜሪካኖች የሚሰሟችሁ እንደ እህትህ ልጅ ነው።»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ፎርክሊፍት ነጂው ተነሥቶ ደረቱን ነፋና በእንግሊዝኛ፣ «ሚስቴ ከእኔ ትጠነክራለች፤ አማቴ ደግሞ ከሚስቴ ትጠነክራለች፤ ከሁሉ የምትጠነክረው የአማቴ እናት ናት» አለ፤ አንድም ሳይሳሳት። «ስትሮንገስት» ሲል ጣሪያውን እያየ አማተበ።

እንዲህ ያሉትን ዓረፍተ ነገሮች ሁሉ በአንድ ደብተር ላይ በእጄ ጽፌ እሰበስብ ነበር። ደንቡ በግራ፣ የእነርሱ ሕይወት በቀኝ። ስልሳ አራት ገጽ ደረሰ። በሕይወቴ ከሠራሁት ሁሉ ያ ደብተር ይበልጥብኝ ነበር፤ መጋዘኑ ውስጥ የምታዘዝ እጅ ነበርሁ፣ ምድር ቤቱ ውስጥ ግን አስተማሪ።

በሦስተኛው ወር ገደማ ከክፍል በኋላ ሰውዬው በሻትሉ ወደ ቤቴ ሊያደርሰኝ ተነሣ። ሞተሩን አስነሥቶ ሳይንቀሳቀስ፣

«ሶ፣ ፈተና መች ነው የምትሰጣቸው?» አለኝ።

«ፈተና አላሰብሁም ጋሼ። ሰዎቹ ሳምንቱን ሙሉ ሲለፉ ሰንብተው ነው የሚመጡት።»

«ሲለፉ ሰንብተው! እኔ ወታደር አስተምሬያለሁ፣ ጠመንጃውን ዴስኩ ላይ አጋድሞ። ደረጃ የማነብ ዕለት ግን እንደ ሕፃን ነበር የሚንቀጠቀጠው።»

«እነዚህ ግን...»

«አንተ መጽሐፍ እንጂ ሰው አታነብም። ደረጃ የሌለው ትምህርት ጨው የሌለው ወጥ ነው። ደግሞስ ምንድን ነው የምታስተምራቸው? ከሁሉ የሚበልጥ፣ ከሁሉ የሚያንስ አይደል? ኦኬ፣ በራሳቸው አሳያቸዋ!»

ከወንበሩ ሥር አንድ ካርቶን ጎትቶ አወጣ። ማኅበሩ አንድ ጊዜ ለልጆች የአማርኛ ትምህርት ቤት ከፍቶ ነበር፤ ልጆቹ በእንግሊዝኛ ብቻ እየመለሱ ሲያስቸግሩ ተዘጋ። ከዚያ የተረፉ በአማርኛና በእንግሊዝኛ የታተሙ ባዶ የውጤት ካርዶች ነበሩ፤ ክቡን ማኅተም ጭምር አስቀምጦታል። ሰኔ ሠላሳ ጠዋት ጫማዬን ቀብቼ በትምህርት ቤቱ ሜዳ ተሰልፌ ደረጃዬ እስኪጠራ ትንፋሼን ይዤ የቆምሁ ሰው ነኝ። ካርድ ያለ ደረጃ፣ ደረጃም ያለ ማኅተም ለእኛ ትምህርት አይደለም። ሌላው ዓለም እንደዚህ እንደማያደርግ አላወቅሁም አልልም፤ አነብባለሁና። ነገር ግን ማንበብ አንድ ነገር ነው፣ ሰኔ ሠላሳ ሌላ። ተስማማሁ።

ፈተናውን ሰጠሁ፣ አረምሁ፣ ካርዶቹን በጥሩ ብዕር ሞላሁ። በተከታዩ ቅዳሜ እርሱ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ እያንዳንዱን ካርድ በማኅተም መታ፤ ቀለሙ እንዲደርቅ በአፉ እፍ ይልበት ነበር። ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ የወጡትን ጮክ ብሎ ጠራ፤ ተጨበጨበ። የሌሎቹን በእጃቸው ሰጠናቸው። የጓቲማላዋ ሴት አሥራ ሰባተኛ ነበሩ። ሲናገሩ ከብዙዎቹ ይሻሉ ነበር፤ ሲጽፉ ግን ብዕሩ ካበጠው እጃቸው እየወደቀ ግማሹን ሳይጨርሱ ሰዓቱ አለቀ። ካርዱን በሁለት እጃቸው ተቀብለው ማኅተሙን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት።

«ይህ የመንግሥት ነው?» አሉኝ።

ለሰውዬው ተረጎምሁለት። «የተከበረ ወረቀት ነው በላቸው» አለ ፈገግ ብሎ።

አልሁ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ አልመጡም። ከዚያ ወዲያ ባለው ሰኞ በማሸጊያው መስመር ላይ አጠገባቸው ቆምሁ። ፕላስተሩን እየጎተቱ፣ ሳያዩኝ፣ በቋንቋቸው መምህር ብለው ጠርተውኝ ተናገሩ።

«ማኤስትሮ፣ እኔ እኮ የምስክር ወረቀት መስሎኝ ነበር።»

«ምኑ?»

«ወረቀቱ ነዋ። ፍሪጁ ላይ በማግኔት ለጠፍሁት። የመጣውን ሁሉ እየጎተትሁ አሳየሁ። ለአከራዬ አሳየሁ። ሐሙስ ዕለት ልጄ ከትምህርት ቤት ጓደኛዋን ይዛ መጣች። ጓደኛዋ አነበበችውና ሳቀች።»

«ልጅዎስ?»

«ልጄ አልሳቀችም። ወረቀቱን አንሥታ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ምን ይላል ብላት፣ ምንም አይልም አለችኝ። ለእኔ የሚዋሽልኝ ልጅ ነው ያለኝ፣ አየህ?»

ልጂቱ አሥራ አራት ዓመቷ ነበር፤ በዚያው ሳምንት ለድርጅቱ አስተባባሪ ጥሩ እንግሊዝኛ ያለው ደብዳቤ ጻፈች፣ ካርዱንም ከውስጡ አኖረች።

አስተባባሪዋ ድምፅዋን ከፍ የማታደርግ አሜሪካዊት ነበረች። ሁለታችንን ጠርታ ካርዱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና የማን ሐሳብ እንደሆነ ጠየቀች። እኔ ወደ እርሱ ዘወር አልሁ፤ እርሱ እንደሚናገር፣ ከዚያም እኔ ጥፋቱን ለሁለት እንደምካፈለው እርግጠኛ ነበርሁ። መነጽሩን አውልቆ በክራቫቱ ጫፍ ጠረገ።

«ነግሬው ነበር» አለ በእንግሊዝኛ። «ይህ አሜሪካ ነው፣ ሰው አይደረደርም አልሁት። ወጣት ነው፣ አይሰማም።»

«ማኅተሙስ?» አለች።

«ከመኪናዬ ሳያስፈቅደኝ የወሰደው ነው።»

አባት የሚሆነኝን ሰው በባዕድ ፊት ዋሽተሃል ልለው አልቻልሁም፤ እንደዚያ አላደግሁም። ዛሬ እችላለሁ፦ ዋሽተሃል።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ክፍሉ ውስጥ እንዳልገባ ተወሰነ፤ እርሱ እንዲያስተምር ተደረገ። ደብተሬም «ለተማሪዎቹ ጥቅም» ተብሎ ከእርሱ ጋር ቀረ። ወደ ፓርኪንጉ ስንወጣ ክንዱን ያዝሁት።

«ጋሼ፣ ለምን?»

«ምን ለምን? ሁለታችንም ብንባረር ክፍሉ ይዘጋ ነበር፤ አንዳችን መውጣት ነበረብን። አንተ ልጅ ነህ፣ ገና ብዙ ክፍል ታገኛለህ። እኔ ከዚህ ወዲያ ማን ያስተምር ይለኛል?»

ይህ የመጨረሻው ንግግሩ እውነት ነበረው። እውነት ያለው ስለሆነ ይበልጥ ጠላሁት።

ያ ጸደይ በምሬት አለፈ። ይባስ ብሎ ሰውዬው ደኅና አስተማሪ ሆኖ ተገኘ። ወደ ሴትዮዋ ቤት ሄዶ ኮፍያውን አውልቆ ይቅርታ ጠየቃቸው፤ በእኔ ስም። እርሳቸውም ተመለሱ። የቃለ መጠይቁ ቀን ተቆርጦላቸው ነበርና በየምሳው ሰዓት ፊቴ ሆነው ይለማመዱ ነበር፤ ይህ ከዚያ ይከብዳል፣ ያኛው ይበልጥ ተጎድቷል እያሉ። አንድም አይስቱም።

«ሽማግሌው ያንተን ደብተር ነው የሚያነብልን» አሉኝ አንድ ቀን። «ቀልዱን ግን ሲያነበው ቀልድ መሆኑን አያውቅም።»

ሳቅሁ። ከዚያ መጸዳጃ ቤት ገብቼ ፊቴን ታጠብሁ።

በበጋው መጀመሪያ ሰውዬው ለማኅበሩ ሊቀ መንበርነት መወዳደሩን ሰማሁ። ጠቅላላ ጉባኤው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሬኒየር ቢች ሰፈር ማኅበሩ በተከራየው አዳራሽ ነበር። እኔ ዘንድ አንድ ባዶ ካርድ ቀርቶ ነበር። ስሙን ጻፍሁበት። እውነት መናገር፦ አሥራ ሁለት ከመቶ። ቃል መጠበቅ፦ ዜሮ። የሰው ድካም መውሰድ፦ መቶ ከመቶ። ጠባይ፦ መ። ደረጃ፦ ብቻውን ተፈትኖ መጨረሻ ወጥቷል። ማኅተሙን በሐምራዊ ቀለም አስመስዬ ሣልሁና መቶ ሃያ ቅጂ ፎቶ ኮፒ አደረግሁ። ወንበር ለማስተካከል ፈቃደኛ ነኝ ብዬ ቀድሜ ገባሁ፤ በየወንበሩ ላይ አንድ አንድ አኖርሁ።

ሰዉ ገብቶ ተቀመጠ። ከኋላ አንድ ሰው በሳቅ ፍርጥ አለ።

«ኧረ ጠባዩ መ ነው!»

«እስቲ አሳየኝ። ብቻውን ተፈትኖ መጨረሻ! ወይ ጉድ፣ ማን ነው የጻፈው?»

«እኔ ልጄን ያስተማሩት ጊዜ ለ ነበር የምሰጣቸው።»

«ዝም በሉ እናንተ! ትልቅ ሰው ናቸው።»

«ትልቅ ሰውማ ናቸው፤ ታዲያ መቶ ከመቶስ አምጥተው የለ?»

እርሱ ከፊት ተቀምጦ ካርዱን ከላይ እስከ ታች አነበበ። አጣጥፎ በኮቱ የውስጥ ኪስ አኖረና ተነሣ። «ዕጩነቴን አንሥቻለሁ» አለ ለሰብሳቢው። ሊወጣ ሲል አጠገቤ ቆመ።

«የእጅ ጽሑፍህ ሁልጊዜም ያምር ነበር» አለኝ።

ደስ አለኝ፤ ይህን አልደብቅም። በአውቶቡሱ ውስጥ ብቻዬን ስስቅ አንዲት ሴት ቦታዋን ቀየረች።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሰውዬው ወደ ክፍሉ አልሄደም። በሚቀጥለውም። ከዚያ ቁልፉን በፖስታ ለድርጅቱ ላከ፤ ደብዳቤ አልነበረበትም። ክፍሉን ልያዝ ብዬ ለአስተባባሪዋ ጻፍሁ፤ በጨዋ ቋንቋ እንደማይሆን መለሰችልኝ። ሌላ አስተማሪ አንድ ወር ያህል ተፈለገ፤ ስፓኒሽ የሚያውቅ፣ ቅዳሜውን የሚሰጥ አልተገኘም። ምድር ቤቱ ለሌላ ሥራ ተሰጠ። ደብተሬን በሽማግሌ አስጠየቅሁ፤ «ጥዬዋለሁ» ብሎ መለሰ።

ሴትዮዋ ለቃለ መጠይቁ የገቡት ክፍሉ ከተዘጋ በአምስተኛው ሳምንት ነው። በምሳ ሰዓት አብረን እንድንለማመድ ለምኛቸው ነበር፤ ፈረቃቸው ተለውጦ አልተገናኘንም። ጠያቂው ሁለት ካርቶኖች ከፊታቸው አስቀምጦ የትኛው ይበልጥ እንደተጎዳ እንዲነግሩት ጠየቃቸው። አውቀውታል፣ የግራው ነው፤ ቃሉ ግን ከአፋቸው አልወጣም፤ በጣታቸው አመለከቱ። ይህን የነገሩኝ ራሳቸው ናቸው፣ ያበጠውን እጃቸውን እያሳዩኝ። «በዚህኛው ነው ያመለከትሁት» አሉኝ። ክፍሉ ለምን እንደተዘጋ ጠይቀውኝ ነበር፤ ሽማግሌው ታመዋል አልኋቸው። በየወንበሩ ላይ ያኖርሁትን ካርድ እስከ ዛሬ አያውቁም። ይህንንም ጽሑፍ አያነቡትም፤ አማርኛ ነው።

ሌላ ሁለት ዓመት ፕላስተር ጎተቱ። ከዚያ ሥራውን ተዉት፤ ማንኪያ መያዝ አቅቷቸው ነበር።

ሰውዬው አሁንም በድግስ ላይ ያወራል። እኔም አሁንም አልታረቅሁም፤ ሽማግሌ ሁለት ጊዜ ተልኮ ሁለት ጊዜ መልሻለሁ። ሲያወራ ግን የጠፋውን ቆጥሮ አያውቅም፤ ስለዚህ እኔ እቆጥራለሁ።

ተማሪ፣ አሥራ ሰባት።
አስተማሪ፣ ሁለት።
በእጅ የተጻፈ ገጽ፣ ስልሳ አራት።
የተቆጣጣሪነት ቦታ፣ አንድ።
የእጅ አንጓ፣ ሁለት።